«ምንም አይሰማኝም» ብዬ ክኒኑን ያቆምኩት እኔም ነኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ። ባለቤትሽ 46 ዓመቱ ነው። የደም ግፊቱ 152/96 ሆኖ ተገኘ፣ መድኃኒት ተጀመረለት፣ ሦስት ወር ዋጠና «ደህና ነኝ» ብሎ ተወው። አሁን ደግሞ «ልቡን የሚያመው ወፍራምና አጫሽ ነው፤ እኔ ቀጭን ነኝ» ይልሻል። «እውነቱን ነው ወይ?» ነው ያልሽኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በ49 ዓመቴ ሀርት አታክ (የልብ ደም ቧንቧ በድንገት መዘጋት) ደርሶብኛል፣ ልቤ ቧንቧ ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አለ። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኔም ቀጭን ነበርኩ። ሲጋራ ባፌ ዞሮ አያውቅም። ግፊት እንዳለብኝ የታወቀው ለሌላ ጉዳይ ስመረመር ነው። ክኒኑን ጀመርኩ፣ ልኬቱ ወረደ። ወረደ ማለት ዳነ ማለት መሰለኝ። መድኃኒቱ ስለያዘው እኮ ነው የወረደው! ብርድ ልብስ ለብሶ የሞቀው ሰው፣ ብርዱ ሄደ ብሎ ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው። ሁለት ዓመት ያለ መድኃኒት ቆየሁ። አንድ ቀን እንኳ ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም። ግፊቴ ሲጨምር ሰውነቴ ይነግረኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። አይናገርም። አብዛኛው ሰው ላይ ምንም ምልክት የለውም።

ውስጥ ግን ሥራው አይቆምም። ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ያ ሁሉ ምት የደም ቅዳውን (ከልብ የሚወጣውን ደም የሚያደርሰውን ቧንቧ) የውስጥ ገጽ ይጎዳዋል። በተጎዳው በኩል ኮሌስትሮል የሚባለው የደም ስብ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ እየተጠራቀመ እብጠት ይሠራል። ይሄ የዓመታት ሥራ ነው። ሐኪሜ ሲያስረዳኝ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሀርት አታክ ማለት ቧንቧው ጠቦ ጠቦ በመጨረሻ ሲደፈን ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የቧንቧውን ግማሽ እንኳ ያልዘጋ እብጠት ድንገት ይሰነጠቃል። ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያው ይረጋል፣ መንገዱንም በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። ደረጃ ስወጣ ምንም የማይለኝ፣ ከወራት በፊት የተነሳሁት ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ንጹህ የነበረው ለዚህ ነው።

የዚያን ዕለት ደረቴን ወጋኝ አልልሽም። ከበደኝ፣ የሆነ ነገር የተጫነኝ ያህል። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። መንጋጋዬንም አመመኝ። ጨጓራ ነው ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ውጬ ተኛሁ። እንዲሁ ሦስት ሰዓት ባከነ። የልብ ጡንቻ ደም ካጣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል፣ የሞተውም መልሶ አይተካም። ዛሬም ዕቃ ይዤ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ የእነዚያ ሦስት ሰዓታት ዕዳ ነው። (ሴቶች ላይ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ጎልቶ ሊመጣ ይችላል። ይሄ ለራስሽ ነው።)

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ለምን እንዳቆመ በእርጋታ ጠይቂው። «ደህና ነኝ» አንዳንዴ ሽፋን ነው። ከግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ደረቅ ሳል ሊያመጡ ይችላሉ፤ አምሎዲፒን የሚባለው ደግሞ እግር ሊያሳብጥ ይችላል። አንዳንዱ ወንድ ደግሞ የመኝታ ቤት ጉዳይ ሲያስቸግረው መድኃኒቱን ጠርጥሮ ዝም ብሎ ይተዋል። ለሚስቱም ለሐኪሙም ትንፍሽ አይልም። ያልታከመ ግፊት ራሱ ያንኑ ችግር እንደሚያመጣ ማን ይንገረው! አንዱ መድኃኒት ካልተስማማው ሌላ ይቀየርለታል።

ከዚያ ቤት ውስጥ ለኩ። በክንድ የሚታሰረው መለኪያ ይሻላል። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባውን ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና የለም፣ ሽንትም ቋጥሮ አይሆንም። እያወራም አይለካ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ፣ ለአንድ ሳምንት፣ ሁሉንም ጻፉት። የቤት አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግፊቱ አለ ማለት ነው። እኔን ያሳመነኝ የሚስቴ ልመና አልነበረም፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት ነው። ያንን ይዞ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉንም በዚያው ይመርመር።

ጨውና እንቅስቃሴውን ታውቂዋለሽ፤ ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት 150 ደቂቃ። ይረዳል። በዚህ ልኬት ግን ክኒኑን ይተካል ብዬ አልዋሽሽም። «አስፕሪን በየቀኑ ይጀምር?» ያልሽውንም ያለ ሐኪም አትሞክሩት፣ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ነገር በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ አልፈሻል። አባቱ በ52 ዓመታቸው በልብ ሕመም በድንገት አርፈዋል። እኔ ብሆን ከእሱ ነበር የምጀምረው። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት በልብ ከታመመ፣ ሐኪሞች ለብቻው የሚመዘግቡት አደጋ ነው፤ ቅጥነት አይሽረውም። ባለቤትሽ ይህንን ለሐኪሙ ነግሮታል? ታናሽ ወንድምም አለው ብለሻል። እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው?