የማስጠንቀቂያውን መዓት ተወውና ራስጌውን ፈትሽ

ወንድሜ፣ ፒያሳ ላለው ስቱዲዮህ በሲ ቋንቋ የጻፍከውን የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ፍላውፋይንደር የተባለው የኮድ መፈተሻ ፈትሾ የማስጠንቀቂያ መዓት እንዳወጣብህ ገልጸህ፣ ሁሉንም ላስተካክል ወይ ብለሃል። አያስፈልግም። መሣሪያው አደገኛ የሚባሉ ፈንክሽኖችን በስማቸው ይለቅማል እንጂ መረጃው ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ አይከታተልም።

መጀመሪያ የዌቭ ድምፅ ፋይል ራስጌ (ስለ ድምፁ የሚገልጸው የፋይሉ መጀመሪያ ክፍል) የሚነበብበትን ኮድ ክፈት። የቻናሉን ብዛት፣ የናሙናውን መጠንና የዳታውን ርዝመት የሚነግርህ ደንበኛ ያመጣው ፋይል ነው፤ ስለዚህ አትመነው። የቻናሉ ብዛት ዜሮ ቢሆን በእሱ ማካፈሉ ፕሮግራሙን ይጥለዋል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የባሰው የሚያዘውን ሜሞሪ ልክ ለማግኘት እነዚህን ቁጥሮች ማባዛቱ ነው። ውጤቱ ከ32 ቢት ሲያልፍ ትርፉ ተቆርጦ ትንሽ ቁጥር ይቀራል፣ በዚያ ልክ ጠባብ ሜሞሪ ይያዛል፣ ከዚያ ረጅሙ ድምፅ ሲገለበጥበት ጎን ያለውን ሜሞሪ ይደመስሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. አንድሮይድን ያናወጠው የስቴጅፍራይት (የስልኩ ድምፅና ቪዲዮ ማጫወቻ ክፍል) ችግር ከዚሁ ዘር ነው። ውጤቱ ከወሰን እንዳያልፍ ከማባዛትህ በፊት ፈትሽ፤ ከተባዛ በኋላ መፈተሽ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በአድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት ሲፈጠር በሚያጋልጠው መሣሪያ) ኮምፓይል አድርገህ፣ የሰጠኸውን መነሻ ፋይል እየለዋወጠ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ለሚፈትነው ለኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ ስጠው። መነሻ ፋይሎቹ አጫጭር ይሁኑ፤ ሙሉ ዘፈን ያንቀራፍፈዋል። ሌሊቱን ይሥራ። መብራት ቢጠፋም (ፒያሳ መሆንህን አልረሳሁም) ውጤቱን በፋይል ስለሚያስቀምጥ ካቆመበት ማስቀጠል ትችላለህ።