ከመጽሐፍ ጋር መክረም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌንና ነሐሴን አብዛኛውን ከቤት ሳልወጣ እከርማለሁ፤ ዝናቡና ጉሙ እንኳን ለመንገድ ለደጃፍም አይመቹም። አጫጭር ልብ ወለዶች እንደ ጀመርኳቸው ስለሚያልቁብኝ ከሰዎቹ ጋር ገና ስላመድ እለያቸዋለሁ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከአንድ ቅጽ በላይ የሆነና ክረምቱን ይዞኝ የሚቆይ ልብ ወለድ ይጠቁሙኝ። ፍቅር እስከ መቃብርን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቀጣይ ክፍል እንዳለው የነገሩኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ፍቅር እስከ መቃብር ቀጣይ ክፍል የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ ወንጀለኛው ዳኛን በ1974፣ የልም ዣትን ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ለአንባቢ አቅርበዋል። ሦስቱ ስማቸው አብሮ ስለሚነሣ አንዱ የሌላው ተከታይ የሚመስላቸው አሉ፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር ግን በተጀመረበት መጽሐፍ ውስጥ አልቋል። ለዚህ ግምት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በክፍል በክፍል ሲተርከው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ሳምንት እየናፈቀ ስለተከታተለው፣ በሰው ጆሮ የቀረው እንደ ተከታታይ ታሪክ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ድምፅ ያወቀ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ሲያነብ እንኳ ያንኑ ድምፅ መስማቱ አይቀርም።

ለዘንድሮ ክረምትዎ የምመርጥልዎ ግን የብርሃኑ ዘሪሁንን ማዕበል ነው። ሦስት ቅጾች አሉት፤ የአብዮት ዋዜማ፣ የአብዮት መባቻና የአብዮት ማግሥት ይባላሉ። ርእሶቹ ራሳቸው ቆም ብሎ ሊያዩዋቸው የሚገቡ ናቸው። ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት በበዓልና በወር አቆጣጠራችን ውስጥ ዕለት ዕለት የምንጠራቸው ቃላት ሲሆኑ፣ ደራሲው አንድን ታላቅ የመንግሥት ለውጥ በእነዚህ የቤት ቃላት ከፋፍሎ አቅርቦታል። ነገሩ የሚነሣው ከወሎ ረኀብ ነው፤ ከዚያም ወደ 1966 ዓ.ም. ንቅናቄና ወደተከተለው ለውጥ ይሻገራል። የዚያ ዓመት የካቲት የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ የታየበት እንደነበር ያስታውሳሉ። በሙያ የቀደሙዎት ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ የነበራቸውን ቦታ እያሰቡ ሲያነቡት፣ መጽሐፉ ለሌላ አንባቢ የማይሰጠውን ነገር ለእርስዎ ይሰጥዎታል ብዬ አምናለሁ።

ብርሃኑ ለረጅም ዘመን ጋዜጠኛ ሆኖ ስለሠራ ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ጥርት ያለ ነው። ይህ ጠባዩ ስለ ረኀብ ሲጽፍ ከሁሉ በላይ ይጠቅመዋል፤ አንባቢን ለማስለቀስ ብሎ ቃል አይከምርም፤ የሆነውን ይናገርና ያልፋል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ቅጾች የመጀመሪያው የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። መጻሕፍቱ ሳንሱር በነበረበት በ1970ዎቹ የወጡ መሆናቸውን እያሰቡ ማንበብ ይገባል። አንዳንዱ ነገር ለምን በዚያ መንገድ እንደተነገረ፣ አንዳንዱም ለምን ሳይነገር እንደታለፈ የሚገባዎት ያን ጊዜ ነው። በቤትዎ ወይም በጎረቤት ያን ዘመን ያዩ አዛውንት ካሉ፣ አንድ አንድ ምዕራፍ እያነበቡላቸው አስተያየታቸውን ቢጠይቁ፣ ከመጽሐፉ ጎን ሌላ መጽሐፍ እንደተከፈተልዎ ይቁጠሩት።

ለፈጣን አንባቢ ማዕበል ሁለት ወር ሙሉ ላይበቃ ይችላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከጨረሱት ነገም ሌላ ቀን ነውን ይያዙ። ባለ ብዙ ቅጽ ተከታታይ ባይሆንም በርዝመቱ ከብዙ ተከታታዮች ይስተካከላል። ነቢይ መኮንን ይህን የማርጋሬት ሚቼል ሥራ ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ያቺን ትንሽ ወረቀት አስባለሁ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ወረቀት እንደፈጀ፣ በስንት እጅ እንደተደበቀ ማሰብ የንባቡን ፍጥነት ያረጋጋል።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ከጓደኛው ዴርቶጋዳ የተባለውን መጽሐፍ ተውሶ ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። ቀጣዮቹንም እንድገዛለት ለምኖኛል። ልግዛለትን? የትኛውስ ነው የሚቀድመው? (ከአዲስ አበባ፣ አባት)

መልስ፦ ይግዙለት። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደጋግሞ የታተመ ሲሆን፣ ቀጥሎ ራማቶሓራ፣ ከዚያም ዣንቶዣራ ይነበባሉ። የጣናን ገዳማት፣ ስለላንና ሳይንስን አንድ ላይ አጣምሮ የሚሮጥ ታሪክ ስለሆነ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣበት አያስደንቅም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ታሪክ እውነት እንዳይወስደው በወግ መልክ ያነጋግሩት እንጂ መጽሐፉን አይንጠቁት። በዚህ ዕድሜ ለአንድ ሙሉ ክረምት መጽሐፍ ይዞ የከረመ ልጅ በኋላ ከባዱንም ይደፍራል።

ጥያቄ፦ አንድ ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ላይ ገዝቼ አንደኛውንና ሦስተኛውን ብቻ አገኘሁ። ሁለተኛውን ፈልጌ አጣሁት። ዘልዬ ላንብብ ወይስ ልጠብቅ? (ከደሴ)

መልስ፦ ይጠብቁ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን መጽሐፍ በአዳር የሚያከራይ ሰው ነበር። ክረምት ሲገባ ያለችኝን ሳንቲም ይዤ ወደ እርሱ እሄድ ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ የአንድ ረጅም ታሪክ የመጨረሻ ቅጽ ብቻ ተረፈና እርሱን ሰጠኝ፤ የመጀመሪያዎቹ በሌላ ሰው እጅ ናቸው፣ ነገ ይመለሳሉ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጋቢ ተከናንቤ በኩራዝ ብርሃን ሙሉውን አነበብኩት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንዲት ሴት ትለቀሳለች። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ሰዎቹ ሁሉ ያለቅሳሉ፣ እኔ ግን ደረቅ ዐይን ይዤ ገጽ እገልጣለሁ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቅጽ በእጄ ሲገባ ያችው ሴት ገና በልጅነቷ፣ ጀበናውን ምድጃ ላይ ጥዳ እየሳቀች ከደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ነገር ግን ከእርሷ ጋር ኖሬ ማልቀስ ሲገባኝ፣ መሞቷን አስቀድሜ ስላወቅሁ ሳቋን ሁሉ በሐዘን አነበብኩት። ያ መጽሐፍ ሁለተኛ እንደ አዲስ አልተነበበልኝም።

የባለ ብዙ ቅጽ ልብ ወለድ ጉልበቱ ያለው በዚህ ላይ ነው። ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ሲያረጅ ማየት አንባቢው እኩል አብሮት ሲያረጅ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ሳይጀምሩት በፊት ቅጾቹን አሟልተው ይያዙ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለዎት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር በምንለው፣ ወይም አራት ኪሎ ባለው አብርሖት እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ። አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቁጠሩ። ስፌቱ የላላ መጽሐፍ መካከሉ ላይ አንድ እጥፋት ጎድሎት ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ከጎደለ ቅጽ ይልቅ ያናድዳል። የገዙትን መጽሐፍ በክረምት ከጭቃ ግድግዳ ጋር አስደግፈው አያስቀምጡ፤ እርጥበቱ ይገባበትና ገጾቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ነው፤ ብርዱና በረዶው ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል። አገር ቤት ሳለሁ ክረምት ማለት ዝናብና የበቆሎ እሸት ነበር፤ እዚህ ግን ክረምቱ ረጅም ብቸኝነት ነው። እንግሊዝኛም አነባለሁ። ሙሉ ክረምት የምኖርበት ተከታታይ ልብ ወለድ ቢመርጡልኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ «የምኖርበት» ማለትዎን ወደድኩት። ለረጅም ክረምት የሚሆነው መጽሐፍ ቤት ያለው መጽሐፍ ነው። ምድጃው የት እንዳለ፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ የምናውቅበት ቤት ሊኖረው ይገባል። ውጭው ሲዘጋ ሰው የሚፈልገው ሌላ ውጭ ሳይሆን ሌላ ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሥራዎችን ላመልክትዎ።

አንዱ የኖርዌይዋ ደራሲት የሲግሪድ ኡንድሴት ክሪስቲን ላቭራንስዳተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1922 በየዓመቱ አንድ አንድ ቅጽ ሆኖ የወጣ ሲሆን፣ የቅጾቹ ርእሶች ወደ እኛ ሲመለሱ የአበባ ጉንጉን፣ የቤት እመቤትና መስቀል እንደማለት ናቸው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤልን ሽልማት ተቀብላለች። ታሪኩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይ የአንዲት ሴትን ሕይወት ከልጅነቷ እስከ ፍጻሜዋ ይከተላል። በረዶው እርስዎ በመስኮትዎ የሚያዩት ዓይነት ነው፤ ከብቶቹ፣ ጎተራው፣ የጾምና የበዓል ቀኖቹ፣ ቄሱ፣ የአባትና የልጅ ክብር ግን ከደጋው አገራችን ሕይወት ጋር እጅግ ይቀራረባሉ። የዚያ ዘመን ሰው ቀን የሚቆጥረው በቅዱሳን በዓል ነው፤ በሚካኤልና በማርያም ቀን የሚቆጥር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሁለተኛው ቅጽ ውስጥ ያለውን አንድ ቦታ ልንገርዎ። ክሪስቲን ከጋብቻ በፊት ስለፀነሰች ንስሐ ልትገባ የበኩር ልጇን ታቅፋ፣ ባዶ እግሯን፣ እስከ ኒዳሮስ ድረስ፣ የቅዱስ ኦላፍ አጽም ወዳረፈበት ካቴድራል ትጓዛለች። ድንግል ስትሆን ብቻ ልትደፋው ይገባት የነበረውን የወርቅ ጉንጉን ለቤተ ክርስቲያኑ ልትሰጥ ይዛለች። እናቶቻችን ስእለት ይዘው በባዶ እግር ወደ ግሸን ወይም ወደ ቁልቢ ሲወጡ ያየ ሰው፣ ያን መንገድ ሲያነብ እግሩ ይሞቀዋል። እኔ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ሲፈልጉት የቲና ነናሊን ትርጉም ይምረጡ፤ ከቀድሞው ትርጉም ይልቅ ቋንቋው ግልጽ ነው። ሦስቱ ቅጾች በአንድ ላይ ሲታሰሩ ከ1,000 ገጽ በላይ ስለሚሆኑ ለፈረቃዎ ዕረፍት ለየብቻ የታሰሩት ይመቻሉ።

ሌላው የናጊብ ማህፉዝ የካይሮ ሦስት ቅጾች ነው። ማህፉዝ ይህን እንደ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ቢጨርሰውም፣ ከርዝመቱ የተነሣ አሳታሚው ስላልደፈረው ተከፍሎ እ.ኤ.አ. በ1956 እና 1957 ታተመ። ቅጾቹ በካይሮ ጎዳናዎችና ሠፈሮች ስም የተሰየሙ ሲሆን፣ ከ1917 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት የአንድ ነጋዴ ቤተሰብን ሦስት ትውልድ ያሳያሉ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አሚና የተባለችው ሚስት እኩለ ሌሊት ላይ ከእንቅልፏ ትነቃለች። የሚቀሰቅሳት ሰው የለም፤ ባሏ ከጨዋታው የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ ለዓመታት የለመደ ሰውነቷ ራሱ ያነቃታል። በእንጨት ፍርግርግ መስኮት ጎዳናውን ታያለች፤ ባሏ ሲመጣ ደረጃው ላይ መብራት ትይዝለታለች። እርስዎ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነቅተው ሌላውን የሚጠብቁ ስለሆኑ፣ ያቺን ሴት ከእኔ ይበልጥ የሚያውቋት እርስዎ ነዎት። ይህችው አሚና ባሏ መንገድ በሄደበት አንድ ቀን ያለ ፈቃዱ የሑሴንን መስጊድ ልትሳለም ትወጣለች። ያች አንዲት ቀን የምታስከትለውን ነገር እዚህ አልነግርዎትም።

ሁለቱንም ለመግዛት አይቸኩሉ፤ በከተማዎ ባለው የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ሄደው ሦስቱንም ቅጾች በቅደም ተከተል እንዲይዙልዎ ይጠይቁ። በረዶው ሲጀምር በኅዳር የኡንድሴትን ይያዙ፤ በየሌሊቱ ሃያ ገጽ ቢያነቡ እስከ ጥር ያደርስዎታል። የማህፉዝን ግን ለየካቲት ያቆዩት፤ በረዶው የማያልቅ በሚመስልበት በዚያ ወር የካይሮ ፀሐይና የጎዳናው ጫጫታ ያስፈልግዎታል።