የሠርግ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት የከተማችን ማተሚያ ቤቶች በሠርግ ካርድ ይጨናነቃሉ። እኔም የካርድ ጽሑፍ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ጥድፊያው ሳይጀመር ያሳሰባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሠርጋችን እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። 500 ሰው እንጠራለን። 500 ካርድ ላሳትም? መቼስ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርድ የሚቆጠረው በቤት እንጂ በሰው አይደለም። «ከነቤተሰብዎ» የሚል አንድ ፖስታ አባትን፣ እናትንና ልጆችን ይጠራል። መጀመሪያ ስሙን በደብተር በየቤቱ ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከ20 እስከ 30 ጨምሩ፤ የተረሳ ዘመድና የተበላሸ ፖስታ መቼም አይጠፋም። በኋላ ለ15 ካርድ ብቻ ተመልሶ መምጣት ውድ ነው፤ በተለይ በኦፍሴት (በሰሌዳ በሚያትም ማሽን) የታተመ ከሆነ ማሽኑን እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይለቅ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይታተም፣ ገና እንዳለፈ ይታደል።

ጥያቄ፦ የወንድ ቤትና የሴት ቤት በአንድ ካርድ ይጥሩ ወይስ ለየብቻ?

መልስ፦ ሁለቱም ወገን በአንድ አዳራሽ የሚያስተናግድ ከሆነ የአራቱም ወላጆች ስም ያለበት አንድ ካርድ ይበቃል። እሷ ቤት በድንኳን ምሳ፣ እሱ ቤት ደግሞ ሌላ ግብዣ ካለ ግን ንድፉ አንድ ሆኖ ጽሑፉ ሁለት ይሁን። የእሷ ወላጆች «ልጃችን ወይዘሪት» ብለው፣ የእሱም «ልጃችን አቶ» ብለው ይጥሩ፤ ቦታውና ሰዓቱ የየራሳቸው ነው። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ የፖስታውን ቀለም ለዩት። የመልስ ግብዣ ካላችሁ ለብቻው ትንሽ ካርድ ሥሩለት። በዋናው ካርድ ላይ ከጻፋችሁት ያየው ሁሉ ተጠርቷል፤ አትምጣ ሊባል አይችልም።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፉ 3 ዓመት ሆናቸው። የእናቴን ስም ብቻ ስጽፍ ካርዱ ጎዶሎ ይመስለኛል። የአባቴን ስም ከጠሪዎቹ ጋር ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጠሪ ማለት በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነው። ስለዚህ እናትሽ ይጥሩ፤ ከፈለጋችሁ ታላቅ ወንድምሽ ወይም አጎትሽ ይታከሉ። አባትሽ ግን ከካርዱ አልጠፉም። የስም አጠራራችን ለዚህ ደግ ነው፤ ከስምሽ ቀጥሎ የሚመጣው የእሳቸው ስም ነው። አሁን አሁን የሙሽሮቹን የመጀመሪያ ስም ብቻ በጌጠኛ ፊደል ማውጣት ተለምዷል፤ አንቺ ይህን አታድርጊ። ከነአባትሽ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ቀለም ይጻፍ። አንድ ጊዜ እንዲህ ላለች ልጅ ናሙናውን ሳሳያት እናቷ የባላቸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት። ምንም አላሉም። ሌላ ናሙናም አልተጠየቅኩም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች አሉን። በሁለት ቋንቋ ስናሳትም ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ሰዓቱን! «ከቀኑ 6፡00 ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛው ገጽ 12፡00 ሆኖ፣ እኩለ ቀን መሆኑ ተገልጾ መውጣት አለበት። 6፡00 ተብሎ እንዳለ የተገለበጠ ካርድ አጋጥሞኛል፤ እንግዶቹ የደረሱት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ምሳው ከተነሣ በኋላ ነው። ቀኑንም ከቆየ ካርድ አትገልብጡ። የ2019 ጥር 16 በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 24 ቀን 2027 ነው። የ2019 ጳጉሜን ግን 6 ቀን ስላላት በ2020 ያው ጥር 16 ጃንዋሪ 25 ላይ ይውላል። የሳምንቱን ቀን በሁለቱም ገጽ ጻፉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያማረው የአማርኛ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲከፈት አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ። ለምን?

መልስ፦ የተጠቀማችሁበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) እነሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። ፎንቱን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ላኩት፤ ጽሑፉን በወረቀትም ጽፋችሁ ስጡ። የወረቀቱ ጥቅም ሌላም ነው። ኃይሌ በየትኛው «ሀ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ማሽኑ አያውቅም፤ ባለስሙን ጠይቁ። በተለይ የአማቾቻችሁን ስም በግምት አትጻፉ። ናሙናውን ደግሞ ጽሑፉን ከዚህ በፊት ያላየ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የጻፈው ሰው ዓይን ስሕተቱን ይዘለዋል።

ጥያቄ፦ ወረቀትና መጠን?

መልስ፦ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ጥሩ ነው። ፖስታውን ከካርዱ በፊት አግኙ። 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ 114 በ162 ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ኤ4 ወረቀትም አራት ይወጣል። ከኢንተርኔት የምታወርዱት አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካርድ ግን ልኩ የሆነ ፖስታ በቀላሉ አይገኝለትም። ወርቃማ ቀለም በተራ ኅትመት ሲወጣ ወደ ሰናፍጭ ይሄዳል፤ የሚያበራውን ከፈለጋችሁ ፎይል በሙቀት የሚያትም ቤት ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሠርጉ ዘጌ ነው። ግማሹ እንግዳ ከባሕር ዳር በጀልባ ይሻገራል። ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ለእነሱ የምሳው ሰዓት ሁለተኛ ነው። ጀልባው ከየትኛው ወደብ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣና የመጨረሻው መመለሻ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣልና ማምሻ ላይ አትመልሷቸው። ይህን በተለየ ትንሽ ወረቀት አሳትማችሁ ካርዱ ውስጥ አስገቡት፤ በመኪና የሚመጣው አይቸገርበት። ለዘጌ ዘመዶቻችሁ ግን ካርድ ብቻ እንዳትልኩ፤ ሰው ሄዶ በቃሉ ይጥራቸው። ለመሰናበቻ የዘጌን ቡና በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ የምስጋና ወረቀት ብታስሩበት ደግሞ እኔ ከማውቀው የሠርግ ስጦታ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም እያለ ካርድ ለምን?

መልስ፦ ለጓደኛ ቴሌግራም ይበቃል። ለአክስት፣ ለንስሐ አባት፣ ለእድር ዳኛ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የምግብ ዝርዝር፣ የጠረጴዛ ቁጥር፣ የውሃ ስቲከር፣ ባነር... ሁሉም ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለቡፌ የምግብ ዝርዝር ገንዘብ ማባከን ነው። የውሃ ስቲከር ደስ ካላችሁ እንጂ ማንም አይቀየምበትም። ባነር ሐይቁ ዳር የምትሰቅሉ ከሆነ ዙሪያውን ቀለበት ይደረግለትና በብዙ ገመድ ይታሰር። ሳይሠራ እንዳይቀር የምለምናችሁ ግን ቡፌው ላይ የሚቆመውን ጽሑፍ ነው፦ «የጾም»፣ «የፍስክ»፣ «የሙስሊም»። የሙስሊም ጎረቤታችሁ ሥጋው የት እንዳለ አስተናጋጅ ሲጠይቅ መቆም የለበትም። ፊደሉ ከሦስት ሜትር ይነበብ፤ በሁለቱም ገጽ ይታተም።

ጥያቄ፦ ፖስታው ላይ ስም በእጅ ይጻፍ ወይስ ይታተም?

መልስ፦ በእጅ። ጽሕፈታቸው የሚያምር ሁለት የቤተሰብ ልጆች ይካፈሉት። አንዷ ከደብተሩ እያነበበች ትጠቁም፣ ሌላዋ ትጻፍ። «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብቻ ሳይሆን መምህር፣ መሪጌታ፣ ሐጂ፣ ዶክተር የሚባለውን በማዕረጉ ጥሩት። የተጻፈው ቀለም እስኪደርቅ አትደራርቡት።