ለታክሲ ጌማችሁ፦ ሪቪው አታስጽፉ፣ ትሬለር አታሳምሩ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ይህ ነው፦ አራት ኪሎ ሆናችሁ ለሦስት የሠራችሁት የታክሲ ጌም ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ) ላይ ሊወጣ ስለሆነ ጓደኞቻችሁ ቀድመው አሪፍ አሪፍ ሪቪው (የገዢ አስተያየት) ቢጽፉላችሁ፣ ትሬለሩ (የማስተዋወቂያ ቪዲዮው) ውስጥም ገና ያላለቀውን ዝናብ ብታስገቡት ችግር አለው ወይ? አለው። ለስቲም የሚከፈለውን 100 ዶላር እንደከፈላችሁና ገጹን እንደከፈታችሁ ቆጥሬ ወደ ዋናው ልግባ።

1. ሪቪው። ስንቱ ገዢ ጌሙን እንደወደደው የሚያሳየው ድምር ውጤት ገጹ ላይ የሚወጣው 10 ሪቪው ሲሞላ ስለሆነ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ያችን አሥር መሙላት ነው። በነፃ ኮድ (ጌሙን ያለ ክፍያ በሚያስከፍት ቁልፍ) ያገኘ ሰው የሚጽፈው ይነበባል እንጂ፣ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ውጤቱ ውስጥ አይቆጠርም። ይህን ያወቀ «ብልጥ» ደግሞ ለጓደኛው ብር ሰጥቶ ያስገዛዋል። ጌምን ከነገጹ ከስቲም የሚያስወርደው ይኼኛው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 የስቲም ባለቤት ቫልቭ፣ ኢንሰል ጌምስ የተባለውን አሳታሚ ጌሞች ከስቲም ያወረደው፣ የድርጅቱ ኃላፊ ሠራተኞቹን «ግዙና ሪቪው ጻፉ» ያለበት መልእክት ሾልኮ ከወጣ በኋላ ነው። ልብ በል፣ ያጋለጣቸው የረቀቀ ሶፍትዌር ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ጽሑፍ ነው። እስቲ እዚህ ከተማ ስክሪንሾት የማይሾልክበት የቴሌግራም ግሩፕ አሳየኝ።

ባይሾልክም ይታወቃል። ከእያንዳንዱ ሪቪው ጎን ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተና አካውንቱ ላይ ስንት ጌም እንዳለው ይታያል። 0.2 ሰዓት የተጫወተ፣ ሌላ ጌም የሌለው አካውንት፣ ጌሙ በወጣበት ቀን «ምርጥ ሥራ ነው፣ በርቱ ልጆች» ብሎ ይጽፋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ስድስት ሰባት ሲደረደር ገዢ አይሸወድም። ዘመድ በገንዘቡ ይግዛ፣ ይጫወት፤ መጻፉ ግን ይቅርበት። መጠየቅ ካለባችሁ የማታውቁትን ገዢ ጠይቁ፤ «ጥሩ ጻፉልን» ሳትሉ፣ ሽልማትም ሳትሰጡ። አሥሩ ቢዘገይ ይዘግይ። ቴሌግራም ላይ «ዊሽሊስት (ጌሙን ወደፊት እገዛለሁ ብለው ምልክት ያደረጉ አካውንቶች) እንሸጣለን» የሚሉትንማ ዝም ብላችሁ እለፏቸው፤ የተገዛ ዊሽሊስት ጌም አይገዛም፣ የእናንተን የሽያጭ ግምት ብቻ ያበላሻል።

2. ትሬለር። ስቲም ላይ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ዝናቡን አይቶ የገዛ ሰው ዝናብ ሲያጣ ሩብ ሰዓት አይቆይም፤ ገንዘቡን መልሶ መጥፎ ሪቪውን ትቶላችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ጌሙን ከሠራችሁበት ሶፍትዌር፣ ከዩኒቲ ኤዲተር፣ አትቅረጹ። ለገዢ የምታወጡትን ቢልድ (ያለቀውን የጌሙን ቅጂ) ራሱን ክፈቱና በኦቢኤስ (ስክሪን በሚቀርጸው ሶፍትዌር) በ1920 በ1080 ቅረጹ። ገጹ ላይ «ዝቅተኛ» ብላችሁ የጻፋችሁት ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ብቻ እያሳየ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ከሆነ፣ በጓደኛ ትልቅ ማሽን 60 አድርጋችሁ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ውሸት ነው። ተጫዋቹ የማያገኘው ካሜራም እንዲሁ፤ ከሚኒባሱ በላይ እንደ ድሮን የሚንሳፈፈውን ቆርጣችሁ አውጡት።

«ኖ ማንስ ስካይን አላየህም ወይ» የሚል አይጠፋም። ይህ የጠፈር ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ቃል ከተገባው ብዙ ጎድሎ ተገኘ ተብሎ ሕዝብ ተቆጣ። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ማስታወቂያው አላሳሳተም ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ግን ቁጣውን አላበረደውም። የሠሪዎቹን ስም የመለሰው ለዓመታት በነፃ የለቀቁት ማሻሻያ ነው። እነሱ ሸጠው ስለነበር አቅሙ ነበራቸው፤ ሦስት ልጆች ከየት ያመጡታል?

ጽሑፉም ያው ነው። የሚነዳው መንገድ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ብቻ ከሆነ «መላ አዲስ አበባ» አትበሉ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ስለፈረሱ፣ ከዚያ በፊት ባነሣችሁት ፎቶ የሠራችሁትን ሰፈር «የዛሬዋ ከተማ» ብላችሁ ብትሸጡት የሚስቅባችሁ የሰፈሩ ልጅ ነው። «ከመፍረሱ በፊት» ብላችሁ ጻፉት፤ እንዲያውም የተሻለ ይስባል። ሥዕሎቹን በኤአይ ከሠራችሁ በስቲም የይዘት መጠይቅ ላይ አሳውቁ፤ ገጹ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

3. ከፍሎ ማስተዋወቅ። ክፈሉ፣ ነውር የለውም፤ ግን ዩቲዩበሩ ቪዲዮውን ሲጭን የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑን የሚገልጸውን ሳጥን ይምረጥ፣ መጀመሪያ ላይም በአፉ ይበለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የንግድ ተቆጣጣሪ ኤፍቲሲ ዋርነር ብራዘርስን የከሰሰው በዚህ ነው፤ «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር» ለተባለው ጌም ዩቲዩበሮች ተከፍሏቸው ነበር፤ መከፈላቸው የተጻፈው ግን ካልተጫነ በማይታየው የመግለጫ ክፍል ውስጥ ነበር። ገዢዎቻችሁ አብዛኞቹ ውጭ አገር ናቸውና ይህን ቀልድ አታድርጉት።

ጌሙ እንደወጣ ደግሞ «ትልቅ ኪዩሬተር (ስቲም ላይ ጌም እየመረጠ ለተከታዮቹ የሚጠቁም) ነኝ፣ አምስት ኮድ ላክልኝ» የሚል ኢሜይል ይጎርፍላችኋል። ብዙው ኮዱን ወስዶ የሚቸበችብ ነው። የላከበትን አድራሻ ቻናሉ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ አንዲት ነጥብ ከተለየች ሰርዙት። ለእውነተኛ ኪዩሬተር በስቲም በራሱ የኪዩሬተር ኮኔክት መንገድ ላኩ፤ ጌሙ ወደ አካውንቱ ስለሚገባ የሚሸጥ ኮድ አይኖርም።

ሬዲት ላይ «ዛሬ በአጋጣሚ ያገኘሁት ጌም» ብሎ የራስን ጌም መለጠፍ ይቅር። ስምህን አንዴ ሲጫኑት ባለፈው ወር ስለ ሚኒባሱ ጎማ የፕሮግራም ኮድ የጠየቅኸው ይወጣል። «ሠሪው እኔ ነኝ» ብለህ ግባ።

ከዚያ ይልቅ ዴሞ (በነፃ የሚሞከር የጌሙን ቁራጭ) አውጡ። ገና ያልወጡ ጌሞች ዴሞ የሚሞከርበት የስቲም ኔክስት ፌስት በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ፌብሩዋሪ፣ ጁንና ኦክቶበር። ከዚያ በፊት ፒያሳ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ ግቡና የሰዓቱን ሂሳብ ክፈሉ፤ ለማያውቃችሁ ልጅ ምንም ሳታስረዱ ዴሞውን አስይዙት። ሂሳብ መሰብሰቢያውን ቁልፍ ፈልጎ ሲያጣ አፋችሁን ዘግታችሁ ጻፉ። ዝናቡ ለኦክቶበር ካልደረሰ ለፌብሩዋሪው አቆዩት፤ አንድ ጌም ፌስቱ ላይ የሚገባው አንዴ ብቻ ነው።