ቅጠሉን ያራገፈ ቁጥቋጦ ሞቷል? ስለ ቆላ ቁጥቋጦዎች ጥያቄና መልስ

ቁጥቋጦዎች በጋውን እንዴት እንደሚያልፉ ሰሞኑን ብዙ ጠይቃችሁኛል። አንድ ላይ ልመልስ። ያልገባችሁ ካለ ደግማችሁ ጠይቁ።

ጋሼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው ከርቤ ቅጠሉን ጨርሶ አራገፈ። ቤተሰቦቼ ደርቋል ብለው ሊቆርጡት ነው።

እንዳታስቆርጪው እህቴ! ከርቤ በበጋ ቅጠሉን ማራገፉ የጤና ነው። ቅጠል ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ለማስገባት ሲከፈቱ ውሃ ያመልጣል። ሥሩ የወጣውን ውሃ መተካት ሲያቅተው ተክሉ ቅጠሉን ይለቃል። ከዚያ በፊት ግን ናይትሮጂንና ሌላውንም ንጥረ ነገር ወደ ግንዱ ይመልሳል።

ቅርንጫፉን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ከርቤ ላይ ያ አረንጓዴ ሥራም ይሠራል። የላይኛው ልጣጭ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቅጠል ባይኖርም ግንዱ ምግብ ያዘጋጃል። ደርቋል እየተባለ ስንቱ ደህና ተክል ማገዶ ሆነ!

ክትክታ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ውሃ ከየት ያገኛል?

ያለውን ይቆጥባል። ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ ላዩም ሙጫ አለው፣ ስትነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። ይህ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። አጋምና ደደሆም ቅጠላቸውን አያራግፉም። የእነሱ መከላከያ ወፍራምና ጠንካራ ቅጠል ነው።

ቁልቋልስ?

ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ ሌሊት በቅዝቃዜው ይከፍታል። ሌሊት ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀን በፀሐይ ይጠቀምበታል።

ከላስ ቬጋስ ነው የምጽፈው። እዚህ ዝናብ ሲጥል በረሃው ልዩ ሽታ አለው። ከምን ይመጣል?

ክሪዮሶት ከሚባለው ቁጥቋጦ ነው። እንደ ክትክታ ቅጠሉ ሙጫ አለው፤ ሽታው ከዚያ ይወጣል። በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ዕድሜው ወደ 11,700 ዓመት የተገመተ ክሪዮሶት አለ። መሃሉ እየሞተ ዳር ዳሩ እያቆጠቆጠ ክብ ሠርቷል። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ተክል ይሄ ነው።

አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ በበጋም ለምለም ነው። ለምን አንተክለውም?

እባካችሁ አትትከሉት። ለምለም የሚሆነው ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ነው። አሪዞና ውስጥ በአንድ የማዕድን ማውጫ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ የፕሮሶፒስ ሥር ተገኝቷል። ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ የአፋርን የግጦሽ መሬት ወርሯል። ድርቅ ስለቻለ ብቻ ተክል አይመረጥም።

ለተተከለ ችግኝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ ባጠጣው አይሻልም?

ገና ሲተከል አዎ። ከያዘ በኋላ ግን አራርቃችሁ በደንብ አጠጡት። ላይ ላዩን ብቻ የሚጠጣ ተክል ሥሩ ወደ ታች አይወርድም። ዙሪያውን ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙለት፤ ግንዱን ግን አይንካው።

ቦረና ውስጥ ዝናቡ ጀምሮ ቢቋረጥስ?

ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ተክሉ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በግንዱና በሥሩ ካስቀመጠው ስንቅ ነው። ቅጠሉ ምግብ ሠርቶ ስንቁን ሳይተካ ከደረቀ ተክሉ ከስሮ ይቀራል። ፍየል ለጋውን ሲቀነጥበው ደግሞ ይብስበታል። አንዴ ቢሆን ይችለዋል፤ ሲደጋገም ሥሩ ይዳከማል። ስለዚህ ዝናብ በተቋረጠበት ዓመት ቁጥቋጦውን ለማገዶ አትቁረጡት። ቢቻል ቦታው ለጊዜው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን፤ ቢያንስ ቀጣዩ ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ እስኪጠነክር።