የሚሊኒየሙ ልጆች፣ ዕድሜያችሁ ስንት ነው?

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለመርሳና ለወልድያ ልጆች፤ ከዚያም ወዲያ በየገጠሩ ላላችሁ። ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ የምርጫ ካርድ ላወጣ ነው፤ 18 ሞላኝ» አለኝ። መቼ እንደሞላው ስጠይቀው «የሚሊኒየሙ ልጅ አይደለሁ እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ በ2018 ዓ.ም. 18 ይሞላዋል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን የመስከረሙም የነሐሴውም ልጅ «የሚሊኒየም ልጅ» ነው፤ በሁለቱ መካከል ክረምትና በጋ አለ። እናቱን ጠርተን ብንጠይቃት የግንቦት ልደታ ሰሞን ነው የወለደችው። «ይሁና! ምርጫው ሲደርስ ይሞላኝ የለ?» አለ። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ወረቀት አነሣሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ላይ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት አለው ይላል። «በሕግ መሠረት» የምትለዋን አትዝለሏት። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ መራጭ ሆኖ የሚመዘገብ ሰው 18 ዓመት መሙላት ያለበት በምዝገባው ዕለት ነው ብሎ ለይቶታል። ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት አላለም። ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ በማግሥቱ 18 ቢሞላችሁ እንኳ ስማችሁ መዝገብ ላይ የለም፤ መዝገብ ላይ የሌለ ደግሞ ካርድ የለውም። በሌላ በኩል፣ ምዝገባ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ልደታችሁ በምዝገባው መካከል ከዋለ፣ ቀኑ እስኪሞላ ጠብቃችሁ ሂዱ እንጂ መጀመሪያ ቀን ሄዳችሁ ተመልሳችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትቀሩ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምርጫ ሲመጣ መምህር ይፈለጋልና በመዝጋቢነት ጠረጴዛ ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። እዚያ ሆኜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ስሙን ሲጠየቅ ቶሎ ይመልሳል፤ ዕድሜውን ሲጠየቅ ግን ጣራ ያያል።

በኛ አገር ደግሞ ይህ አያስገርምም። አንዷ እናት «በዘመነ ዮሐንስ ወለድኩት» ትላለች። ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ 1996ም ዮሐንስ ነው፣ 2000ም ዮሐንስ ነው፣ 2004ም እንዲሁ። ሌላዋ እናት «በረመዷን መግቢያ ነው» ትላለች። እሱም ጥሩ ምልክት ነው፤ የሚሊኒየሙ እንቁጣጣሽና የረመዷን መግቢያ ጎን ለጎን የዋሉበት ዓመት ነበር፣ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ነገር ግን የእስልምናው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከኛው በ11 ቀን ግድም ያጥራል። በዚያ ረመዷን የተወለደች ልጅ ረመዷን እየቆጠረች ብትሄድ አሥራ ስምንተኛዋ የሚሞላው የካቲት 2017 ላይ ነው። በአገሩ አቆጣጠር ግን ገና መስከረም 2018ን መጠበቅ አለባት። ከስድስት ወር በላይ ልዩነት! ልጅቷ አልዋሸችም፣ እናቷም አልዋሸችም፤ የቆጠሩበት ቁና ነው የተለያየው።

ሦስተኛው ቁና የፈረንጁ ነው። ፓስፖርት ወይም እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ 29/03/2008 ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዱ ሦስተኛ ወር ነው ብሎ ኅዳር ይለዋል፤ ማርች መሆኑን ይረሳል። ቀኑ መጋቢት 20 ቀን 2000 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከኛ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ትቀንሳላችሁ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ደግሞ 7። ዲሴምበር 2007 የተወለደ ልጅ ሳያስብ 8 ቢቀንስ 1999 ይመጣለታል፤ በአንድ ስሕተት አንድ ዓመት አረጀ ማለት ነው። በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ልትጨርሱት የምትችሉት ነገር ነው፤ ግን ሲሳሳቱበት ያየሁት ብዙ ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለ1997ቱ ምርጫ ከሐይቅ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር መዝጋቢ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ማሰሮ አዝላ፣ ከውሃ መንገድ ተመልሳ፣ ሰልፉ ላይ ቆመች። ቁመቷ እስከ ጠረጴዛዬ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ዕድሜዋን ብጠይቃት «አላውቀውም፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ እህል የገባ ጊዜ ነው ይላሉ» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋትና «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ በሚቀጥለው» አልኳት። ክርክር የለም፤ ማሰሮዋን አስተካክላ ሄደች። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ እናቷን ገበያ ላይ አገኘኋት። «ልጄን ምነው መለስካት? በሰባ ስምንት፣ ከመጠለያ በተመለስን በዓመቱ የወለድኳት እኮ ናት» አለችኝ። እዚያው ቆሜ አሰብኩት፦ 19 ገደማ። የልጅቷ መልስ ልክ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው ያልጠራችው። ቁመቷን ያሳጠረባትም ያው ዕድሜዋን የነገረኝ ድርቅ ነበር። ጎረቤት ጠርቼ መጠየቅ እችል ነበር፤ ሰልፉ ረዝሞ፣ ፀሐዩ ከርሮ፣ ዓይኔን አመንኩ። በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ስንት ሰው ካርድ እንዳወጣ አላስታውስም፤ ያቺን ማሰሮ ግን አልረሳትም።

ዛሬ አዋጁ ለዚህ መላ አለው። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት የሌለው ሰው ማንነቱን በሌላ ማስረጃ፣ ያም ከታጣ በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ማስረዳት ይችላል። መዝጋቢው «በዓይኔ ልጅ ትመስላለህ» ብሎ ቢመልሳችሁ ተቆጥታችሁ አትሂዱ፤ በጨዋ ደንብ ምስክር ይጠራልኝ በሉ። ካልሆነም በምርጫ ጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ያቺ ልጅ ይህን ብታውቅ ኖሮ እኔን ታስተካክለኝ ነበር።

ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። እናንተ ዘንድ አንድ ሰው ሦስት ዕድሜ አለው። ትምህርት ቤት ሲገባ ያስመዘገበው አንድ፤ ለኳስ ቡድን የተቀነሰው ሁለት፤ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላው የጨመረው ሦስት። በተለይ እህቶቻችሁን ነው የማስበው። በ16 ዓመቷ ፓስፖርቷ ላይ 20 ምናምን ተጽፎላት የሄደች ልጅ፣ ስትመለስ እውነተኛውን ዕድሜዋን ራሷም ትጠራጠራለች። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ስትቀርብ የቱን ትናገር? ወረቀቱ ይፈቅድላታል፤ እናቷ ግን ታውቃለች፤ ጎረቤቱም ያውቃል። መዝገቡ ደግሞ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ያልሞላው ልጅ ገብቷል ብሎ ማንም ማመልከት ይችላል። ዕድሜን አዛብቶ መመዝገብ በሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ቅጣቱ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚሰጠው ድምፅ በውሸት ቀን መጀመሩ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህ በናንተ እንዳልመጣ ይታወቀኛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ እናንተ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኗችሁ ከብት ትጠብቁ፣ ፊደል ትቆጥሩ ነበር። ስትወለዱ የመዘገባችሁ የለም። በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ደግሞ በየቀበሌው ስንቱ መዝገብ ተቃጠለ፣ ስንቱ ተበተነ። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀት ያላወጣችሁ አሁን አውጡ። ምርጫ ሲደርስ ቀበሌ ሰልፉ ልክ የለውም፤ የዕለት ጉርሱን ትቶ ሰልፍ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቀን አይመለስም።

ሌላም አለ፤ ባጭሩ። ዕድሜ ብቻ አይበቃም፤ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለባችሁ። ከወረባቦ ወይም ከወሎው ቦረና ለሥራ ኮምቦልቻ የወረዳችሁ ልጆች፣ የወረዳችሁበትን ወር ቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዋጁ ልዩ የምርጫ ጣቢያ አስቦላችኋል፤ ግን ግቢም ቤትም መመዝገብ አይቻልም፣ አንድ ቦታ ብቻ። ካርድ ራሳችሁ አውጡ፤ በወንድም፣ በጓደኛ የሚላክ ነገር አይደለም። ለመመረጥ ደግሞ 21 ዓመት ነው፤ ከመካከላችሁ ወረፋ የያዘ ካለ ሦስት ዓመት ይቆይ።

21 ስል ትዝ አለኝ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት ለመምረጥ ራሱ 21 ዓመት ይጠይቅ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ እኔ 17 ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ማንም ማንንም አልመረጠም። መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁት በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ ነው፣ በ30 ዓመቴ፤ እሱንም ምርጫ ካልነው። የጎረቤቴን፣ የግንቦቱን ልጅ ያስጨነቀው፣ ምዝገባው ልደቱን ሳይጠብቅ ከተዘጋ አምስት ዓመት መጠበቁ ነው። «ጋሼ፣ 23 ሊሞላኝ ነው እኮ!» ይለኛል። አብሽር አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? ሕጉ መሥመር ካበጀ አንዱ ከመሥመሩ ወዲህ መቅረቱ የግድ ነው። መሥመሩ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ላይ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ በበርካታ አገሮች እንደዚያ ነው። መዝጋቢ ሆኜ ግን ፊት ለፊቴ ያለውን ሕግ ነው የምከተለው።

ልጁ ባዶ እጁን አልሄደም። ምዝገባው ሲጀመር አያቱን ይዞ እንዲሄድ ተስማማን፤ መቆም አይችሉም፣ በርጩማ ይይዝላቸዋል። እሳቸውም የተወለዱበትን ቀን አያውቁም፤ ግን ማንም አይጠራጠራቸውም።

እናንተ ዛሬ ማታ፣ ቡናው ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ፣ እናቶቻችሁን ጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሏቸው፤ አይመልሱላችሁም። ማን አግብቶ ነበር፣ ማን ሞቶ ነበር፣ ጤፉ ታጭዶ ነበር ወይ፣ ጾም ነበር ወይ፣ መውሊድ አልፎ ነበር ወይ በሏቸው። የሚሉትን ጻፉት። ቀኑን ማውጣት ካቃታችሁ ይዛችሁልኝ ኑ። ባሕረ ሐሳቡም፣ የሂጅራው መቁጠሪያም፣ የፈረንጁም ቀን መቁጠሪያ አለኝ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።