የሌሊት ወፍ በጣና ላይ በጨለማ የምታድነው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ነው። ሲመሻሽ የሌሊት ወፎች ከዛፎቹ መካከል ወጥተው ውኃውን ሊነኩ እስኪደርሱ ዝቅ ብለው ሲመላለሱ እናያለን። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት እንኳ እርስ በርስ አይጋጩም፤ ነፋስ ሲነሣና ሐይቁ ሲናወጥ ግን ከውኃው ላይ ይጠፋሉ። ልጆቼ «ዓይን የላቸውም ይባላል፤ ታዲያ በምን ያያሉ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁላቸው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ለልጆችዎ የሌሊት ወፍ ዓይን እንዳላትና እንደምታይ ይንገሩልን። ይሁን እንጂ በሐይቁ ላይ ትንኝና የእሳት እራት የሚያድኑት ትናንሾቹ ዝርያዎች በጨለማ የሚመሩት በዋናነት በጆሯቸው ነው።

ጣሊያናዊው ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ማየት የተሳናቸው የሌሊት ወፎች ምንም ሳይነኩ እንደሚበሩ አረጋገጠ፤ በዚያው ዘመን የጄኔቫው ሉዊ ዡሪን ጆሯቸውን ሲደፍነው ግን ከመሰናክል ጋር ይላተሙ ጀመር። የሚሰማ ድምፅ ስላልነበረ ነገሩ ከ140 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1938 የሃርቫርድ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ግሪፊን፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ፒርስ ለሠራው፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ለሚይዝ መሣሪያ የሌሊት ወፎችን ባቀረበ ጊዜ፣ ዝም ያሉ ይመስሉ የነበሩት እንስሳት ሲጮኹ እንደኖሩ ታወቀ። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ጩኸት ከዚያ በላይ ነው።

ድምፁ ከማንቁርቷ ተነሥቶ በአፏ፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ በአፍንጫዋ ይወጣና፣ ከፊቷ ካለው ነገር ጋር ተጋጭቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስላታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቃ ካለች ትንኝ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ስድስቱን ክፍል ያህል ይፈጅበታል፤ የሌሊት ወፏም ርቀቱን የምትለካው በዚህች ቅጽበት ነው። አቅጣጫውን የምትረዳው ሁለቱ ጆሮዎቿ በሚሰሙት መካከል ካለው ልዩነት ነው። በሰከንድ 50,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 7 ሚሊሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ከትንሽ ነፍሳት ገላ ላይ እንኳ ነጥሮ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለው ቀጭን ድምፅ ግን አየር ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም፣ ትንኝን የምታገኛት ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ስለዚህ መፍጠን አለባት። አየሩን ስትቃኝ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የምትጮኸው የሌሊት ወፍ፣ ትንኟን ልትይዝ ስትቃረብ ጩኸቷን በሰከንድ ወደ 200 ታደርሰዋለች። ጩኸቱ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ የራሷን ጆሮ እንዳያደነቁራት፣ በመካከለኛው ጆሮዋ ያለች ትንሽ ጡንቻ ከጩኸቱ በፊት ትኮማተርና ለሚመለሰው ድምፅ ወዲያው ትላላለች። ይህን መልስ ለሚጽፈው ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ እንመለስ። የረጋ ውኃ ለድምፅ መስታወት ነው፤ ዝቅ ብላ የምትበር የሌሊት ወፍ ጩኸት ውኃው ላይ ሲያርፍ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይርቃል እንጂ አብዛኛው ወደ እርሷ አይመለስም። በመሆኑም ከውኃው በላይ ያለች ትንኝ የምትመልሰው ድምፅ ብቻውን ጎልቶ ይሰማል። ሞገድ ሲነሣ ግን እያንዳንዱ የውኃ ጉብታ የራሱን ድምፅ ስለሚመልስ የትንኟ ድምፅ በጫጫታው ይዋጣል፤ ነፋሱም ነፍሳቱን ይበትናቸዋል። እንዲህ ባለው ምሽት ወደ ዛፎቹ ጥግ ቢሄዱ የሚፈልጉት የተሻለ ጸጥታ ነው።

በሾላውና በማንጎው ላይ የሚያርፉትን ትላልቅ ፍሬ በሊታዎች ከእነዚህ ጋር አያምታቷቸው። እነርሱ በትላልቅ ዓይኖቻቸውና በማሽተት ይመራሉ፤ በዋሻ ከሚያድሩት መካከል ምላሳቸውን እያንኳኩ የሚመለሰውን ድምፅ የሚያዳምጡ አሉ።

እርስ በርስ ባይጋጩም፣ የማይላተሙበት ነገር የለም ማለት አይደለም። እንደ ረጋ ውኃ ለስላሳ የሆነ የቆመ መስታወት፣ በጎን ሲቀርቡት ጩኸታቸውን አሻግሮ ስለሚሰደው፣ ክፍት መተላለፊያ መስሏቸው ይገቡበታል። በሐይቁ ዳር ትልልቅ የመስታወት ግድግዳ ያላቸው ቤቶች በሚሠሩበት ጊዜ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።